የግቢያችሁን የእሳት እራት እንዴት ትመዘግባላችሁ? ከአምፖል እስከ ሠንጠረዥ

መብራት አብርቶ የእሳት እራት መሰብሰብ ቀላል ነው። ከባዱ ጠዋት ነው። ደብተር ይከፈታል፣ ይቆጠራል፣ ይጻፋል፣ ግራ ይገባል፣ እንደገና ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ይሰለቻል። ቆንጆ ቆንጆዎቹን በስልክ ያነሳና ወጥመዱን አራግፎ ይሄዳል። ከወር በኋላ ፎቶው አለ፤ የት፣ መቼና ስንት እንደነበሩ የሚያስታውስ ግን የለም።

ይህ መመሪያ ለዚያ ጠዋት ነው። ስለ ወጥመዱ ትንሽ፣ ስለ አመዘጋገቡ ብዙ ይላል። ቀን፣ ቦታና ብዛት የተጻፈለት ተራ ቡናማ የእሳት እራት፣ ምንም ካልተጻፈለት ውብ ፎቶ ይበልጣል። እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባለው የእርሻ ምርምር ጣቢያ የእሳት እራትን በብርሃን ወጥመድ መቁጠር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ከ1968 ወዲህ ወጥመዶቹ በየአካባቢው ተተክለው ቆጠራው ሰፋ። አብዛኞቹን የሚያራግፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በ2021 የወጣ ሪፖርት በብሪታንያ የትልልቅ የእሳት እራቶች ብዛት በ50 ዓመት ውስጥ 33 በመቶ እንደቀነሰ ያሳየው በእነዚህ ሰዎች ደብተር ነው። የአንድ ሌሊት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሲደራረብ ነው ወሬ የሚያወጣው።

ወጥመዱ፣ በአጭሩ

ሮቢንሰን፣ ስኪነርና ሂዝ የሚባሉ የታወቁ የወጥመድ ዓይነቶች አሉ። ሮቢንሰን ክብና ትልቅ ነው፤ የያዘውን በቀላሉ አይለቅም። ስኪነር ሳጥን ነው፤ ከላይ ሁለት ተዳፋት ፕላስቲኮች ተገጥመውለት መሃላቸው ጠባብ ክፍተት ይቀራል። ሂዝ ትንሽ ነው፤ በባትሪ ስለሚሠራ ይዘውት ይንቀሳቀሳሉ። የሁሉም ሐሳብ አንድ ነው፦ መግባት ቀላል፣ መውጣት ከባድ። የትልቅ ላስቲክ ጠርሙስ አናት ቆርጣችሁ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ባልዲ ላይ ብትገጥሙትና ከላዩ አምፖል ብታንጠለጥሉም ይሠራል።

ውስጡን በእንቁላል ካርቶን ሙሉት። ካርቶኑ ጉድጓድ ጉድጓድ ስላለው የገባው ሁሉ የራሱን ጥግ ይዞ ያርፋል። ባዶ ባልዲ ውስጥ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲራገቡ ያድሩና ጠዋት ክንፋቸው ተበጣጥሶ ታገኟቸዋላችሁ። እንዲህ የሆነውን መለየት ጣጣ ነው።

ቢጫ የሳሎን ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ብዙም አይስብም። የሚስበው አልትራቫዮሌት ያለበት ብርሃን ነው። 125 ዋት የሜርኩሪ አምፖል ብዙ ያመጣል፤ ግን በጣም ይግላል፣ መብራት ይበላል፣ ጎረቤት ያስቀይማል። ለግቢ አክቲኒክ የሚባለው ቱቦ ወይም አልትራቫዮሌት ኤል.ኢ.ዲ. ይበቃል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዓመት ሙሉ የማትቀይሩት ደካማ አምፖል በየጊዜው ከምትለዋውጡት ኃይለኛ አምፖል ይሻላል። አምፖሉ ከተቀየረ የአምናና የዘንድሮ ቁጥር አይወዳደርም።

ጥንቃቄው ቀልድ አይደለም። አልትራቫዮሌቱን አትኩራችሁ አትዩት። የጋለ የሜርኩሪ አምፖል ላይ የዝናብ ጠብታ ካረፈ ሊፈነዳ ይችላል፤ ከላዩ መከለያ ይኑረው። የውጪው መስታወት የተሰነጠቀ አምፖል ቢበራም አትጠቀሙበት፤ ቆዳና ዓይን የሚጎዳ ጨረር ይለቃል። ገመዱ ለውጪ የሚሆን ይሁን፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያቋርጥ መከላከያም ይኑር። መብራቱን ወደ ጎረቤት መስኮት አታዙሩት።

እግረ መንገዴን፦ የእሳት እራት አምፖል የሚዞረው ጨረቃ መስሎት ነው ሲባል ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ፣ በፈጣን ካሜራ የተሠራ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ። በሌሊት ብሩህ የሚሆነው ሰማዩ ስለሆነ ይህ ልማድ ሚዛናቸውን ይጠብቅላቸዋል። ጎናቸው ላይ አምፖል ሲመጣ ግን ጀርባቸውን ወደ እሱ እያጋደሉ ዙሪያውን ሲዞሩ ይቀራሉ። ለመዝጋቢ ይህ ቁም ነገር አለው። ወጥመዳችሁ የሚያሳየው አጠገቡ ያለፈውንና በብርሃን የተያዘውን ነው። የግቢው ሙሉ ዝርዝር አይደለም፤ ብርሃን የማይገዛቸው ዝርያዎችም አሉ።

ማታ፦ አምፖሉን ከማብራታችሁ በፊት ጻፉ

የመጀመሪያዋ መስመር የምትጻፈው ማታ ነው። ጠዋት እንቅልፍ አለ፣ ጥድፊያ አለ፣ ሥራ አለ። ስለዚህ ሲመሽ ቆማችሁ እነዚህን ጻፉ፦ ቀን፣ ቦታ፣ የወጥመዱ ዓይነት፣ የአምፖሉ ዓይነትና ዋት፣ የበራበት ሰዓት፣ የመዝጋቢው ስም። በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ጤዛ ሲነካው ይፈሳል።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ሌሊቱ ሁለት ቀን ይነካል፤ ሰኞ ማታ አብርታችሁ ማክሰኞ ጠዋት ታራግፋላችሁ። የተለመደው አሠራር መብራቱ የበራበትን ቀን መጻፍ ነው፤ ማለትም ሰኞ። ጥርጣሬ እንዳይኖር «ከሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ብላችሁ ሁለቱንም ቀን ብታሰፍሩ ደግሞ የተሻለ ነው። በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደምትጽፉም ደብተሩ ሽፋን ላይ ይኑር።

ቦታ ማለት «ግቢ» ማለት አይደለም። ከስልካችሁ ካርታ ላይ ኬክሮስና ኬንትሮሱን በዲግሪ ውሰዱ። ከነጥብ በኋላ አራት አሃዝ ይበቃል፤ ያ ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ድረስ ያሳያል። አንዴ ሽፋኑ ላይ ጽፋችሁ ወጥመዱን ሁልጊዜ እዚያው አስቀምጡ። ከአጥሩ ጥግ ወደ በረንዳው ካዞራችሁት እንደ ሌላ ቦታ ቁጠሩት።

የአየሩን ሁኔታ ባጭሩ፦ ሰማዩን በስምንት ከፍላችሁ ስንቱ በደመና እንደተሸፈነ፣ ነፋስ መኖር አለመኖሩ፣ ዝናብ፣ ጨረቃ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት። ሞቅ ያለ፣ ደመናማና ነፋስ የሌለበት ሌሊት ብዙ ያመጣል። ሙሉ ጨረቃ ጥርት ባለ ሰማይ ላይ ስትወጣ ወደ ወጥመዱ የሚመጣው ይቀንሳል። ይህን ካልጻፋችሁ ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ዝርያው የጠፋ ይመስላችኋል፤ የጠፋው ግን ደመናው ነው።

ጠዋት፦ ቀስ ብሎ መክፈት

ፀሐይ ወጥመዱን ሳታገኘው ተነሱ። ሙቀት ከገባ የተኙት ይነቃሉ፤ ክዳኑን ስታነሱ ብን ይላሉ። ወፎችም ቀድመዋችሁ እንዳይደርሱ። ወጥመዱ ምግብ እንዳለው አንዴ ያወቀች ወፍ በየጠዋቱ ትመጣለች።

መጀመሪያ ክዳኑን አትንኩ። ዙሪያውን እዩ። አምፖሉ አጠገብ ያለ ግድግዳ፣ ሣር፣ የቅጠል ጀርባ፣ የባልዲው ውጪ። ብዙዎቹ ወጥመዱ ውስጥ አይገቡም፤ አጠገቡ ያርፋሉ። በተለይ ክንፋቸውን ዘርግተው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት። እነሱን ቁጠሩና «ከውጪ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ።

ከዚያ ክዳኑን አንሱ፤ ወዲያው በጨርቅ ሸፍኑት። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አውጡ። ተርብ ሊኖር ስለሚችል እጃችሁን ዝም ብላችሁ አትስደዱ። ከክንፋቸው የሚረግፈው ዱቄት የሚያስነጥሳችሁ ከሆነ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

አንድ ካርቶን አንስታችሁ በዝግታ ገልብጡት። አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ክንፉን እንደ ቤት ጣሪያ አጥፎ የተኛ ግራጫ አለ። ፊት ክንፉን በማጉያ መነጽር እዩት። መሃሉ ላይ ሁለት ምልክቶች ይኖራሉ፦ አንዱ ክብ፣ ሌላው ኩላሊት የመሰለ። ኖክቱዊዴ የሚባለው ትልቅ ቤተሰብ ውስጥ መለያው ብዙ ጊዜ እነዚህ ምልክቶች፣ ጠርዛቸውና መሃላቸው ያለው ቀለም ነው። ከሩቅ «ቡናማ» ብላችሁ የምታልፉት ከቅርብ እንዲህ ዝርዝር አለው። ቀጥሎ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ትልቅና ወፍራም የሆነ፣ ክንፉን ወደ ኋላ ያሾለ አለ። መንቀጥቀጥ ከጀመረ በርዶት አይደለም። የክንፍ ጡንቻውን እያሞቀ ነው፤ ሲሞቅ ይነሳል። ቶሎ ፎቶ አንሱት።

መቁጠር

ደብተሩ ላይ የዝርያ ስም ወይም ጊዜያዊ መለያ ጻፉ፤ ለምሳሌ «ቡናማ ሀ»። አጠገቡ ጭረት አድርጉ፤ በአምስት በአምስት። በቃል ቆጥሬ በኋላ እጽፋለሁ ማለት አያዋጣም።

«ብዙ» የሚል ቃል አትጻፉ። የእናንተ ብዙ ለእኔ ጥቂት ሊሆን ይችላል። አንድ ዝርያ ሲጎርፍ ሁለት ሦስት ካርቶን በትክክል ቁጠሩና የአንዱን ካርቶን አማካይ በጠቅላላ የካርቶኖቹ ብዛት አባዙት፤ ከዚያ ቁጥሩ አጠገብ «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። ግምት መሆኑ እስከታወቀ ድረስ ችግር የለውም።

ባዶ ሌሊትም ይጻፋል። መብራቱ በርቶ አድሮ አንድም ካልመጣ «ዜሮ» በሉ። ያልተጻፈ ሌሊት ወጥመዱ ያልበራበት ሌሊት ይመስላል፤ ሁለቱ በጭራሽ አንድ አይደሉም።

ፎቶ

ሁሉንም ማንሳት አያስፈልግም። የማታውቁትን፣ የሚያጠራጥረውን፣ ለግቢያችሁ አዲስ የሆነውን አንሱ። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ የመጀመሪያው ፎቶ የደብተሩ ገጽ ይሁን፤ ቀኑና ቦታው እንዲታይ። ከእሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ የዚያ ሌሊት መሆናቸው አይጠፋም።

ከቀጥታ ላይ ወደ ታች አንሱ፤ የፊት ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ ጥርት ብለው ይታዩ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ። የምትለኩት የፊት ክንፉን ርዝመት ነው፤ ከትከሻው እስከ ጫፉ። የተዘረጋ ክንፍ ስፋት በሕይወት ባለ የእሳት እራት ላይ መለካት አስቸጋሪ ነው። ቀጥሎ ከጎን፣ ከተቻለ ደግሞ የፊቱንና የአንቴናውን ቅርብ ፎቶ። በብዙ ዝርያዎች የወንዱ አንቴና ላባ መሰል ሲሆን የሴቷ ክር ይመስላል። የኋላ ክንፉን ካሳየ ዕድል ነው፤ ቶሎ አንሱ። የቀጥታ ፀሐይና ፍላሽ ቀለሙን ያበላሻሉ፤ ጥላ ውስጥ ይሻላል።

እምቢ ብሎ የሚራገብ ካለ ክዳን ባለው ግልጽ ዕቃ አድርጋችሁ ለጥቂት ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ፍሪጅ ነው ያልኩት፤ ፍሪዘር ይገድላል። ሲበርድ ዝም ይላል።

ስም መስጠት

የእሳት እራት ከ140 ሺህ በላይ የታወቁ ዝርያዎች አሉት። ስለዚህ ሁሉንም እስከ ዝርያ አወርዳለሁ ብላችሁ አትጨናነቁ። መጀመሪያ አቀማመጡን እዩ። ክንፉን ዘርግቶ ግድግዳ ላይ ጥፍጥፍ ያለው ብዙ ጊዜ ጂኦሜትሪዴ የሚባለው ቤተሰብ ነው። ወፍራም ሰውነት ያለውና ክንፉን ወደ ኋላ ያሾለው ስፊንጊዴ። ጠባብ ክንፉን ወደ ጎን ቀጥ አድርጎ የመስቀል ቅርጽ የሚሠራው፣ ስንጥር የሚመስለው ደግሞ ፕቴሮፎሪዴ። ከዚያ ወደ ወገን (ጂነስ)፣ ከዚያ ወደ ዝርያ ውረዱ፤ እርግጠኝነታችሁ ባለቀበት ቦታ ቁሙ።

«ኖክቱዊዴ፣ ያልተለየ፣ 4» የሚል መዝገብ ትክክለኛ መዝገብ ነው። ተገምቶ የተጻፈ የዝርያ ስም ግን መርዝ ነው፤ በኋላ የሚያነበው ሰው እውነተኛውን ከግምቱ መለየት አይችልም። አንዳንድ ዝርያዎች የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ካልታየ ባለሙያም አይለያቸውም።

የስልክ መተግበሪያ የሚሰጠውን ስም እንደ ፍንጭ ውሰዱት። አይናቹራሊስት ፎቶ አይቶ ስም ይጠቁማል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ግን ብዙ ፎቶ ያላቸውን አካባቢዎች ዝርያ ያውቃል፤ ጥቂት ፎቶ ያላቸውን ደግሞ ያምታታል። የጠቆማችሁ ዝርያ እናንተ ባላችሁበት አካባቢ ይገኝ እንደሆነ ካርታውን ተመልከቱ።

ተባይ አገኘሁ ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ። ስፖዶፕቴራ ፍሩጂፔርዳ፣ ማለትም የአሜሪካ መጤ ተምች፣ አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የወንዱ ፊት ክንፍ ጫፉ ላይ ነጭ እድፍ አለው። ሴቷ ደብዛዛ ስለሆነች ከዘመዶቿ ጋር በቀላሉ ትምታታለች። እንዲህ ዓይነቱ ስም ደብተር ላይ የሚሰፍረው ፎቶ ወይም ናሙና ይዛችሁ ባለሙያ ካረጋገጠላችሁ በኋላ ነው።

በታሪክ በጣም የታወቀውን የእሳት እራት መዝገብ የጻፉት የነፍሳት ተመራማሪዎች አይደሉም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 የሃርቫርድ ማርክ 2 ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ማሽኑ ውስጥ አንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ላይ የተቀረቀረች የእሳት እራት አገኙ። በስኮች ደብተራቸው ላይ ለጠፏት። አጠገቧ ሰዓቱን (ከቀኑ 9፡45)፣ የሪሌውን ቁጥር (70) እና የፓኔሉን ፊደል (ኤፍ) ጻፉ። ደብተሩ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። ቀን አለ፣ ሰዓት አለ፣ ቦታው እስከ ሪሌው አለ፣ ናሙናዋም አለች። የዝርያ ስም የለም። ስሙን ናሙናውን አይቶ በኋላም መሙላት ይቻላል። ቀንና ቦታ ግን ካልተጻፈ ከየትም አይመጣም።

መልቀቅ

ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ካርቶኖቹን ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አራግፉ፤ ከወጥመዱ ራቅ ብሎ፣ ጥላ ያለበት ቦታ። ሜዳ ላይ መበተን ለወፍ ማዕድ ማቅረብ ነው። ቦታውን በየጊዜው ቀያይሩ።

በተከታታይ ሌሊቶች አታብሩ። የትናንቱ የእሳት እራት ዛሬም ይመጣና ሁለቴ ይቆጠራል፤ መመገቢያና መራቢያ ጊዜውንም ወጥመድ ውስጥ ያሳልፋል። በሳምንት አንድ ሌሊት ይበቃል። ሌሊቱ ግን የተወሰነ ይሁን። «ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» እያላችሁ የምትመርጡ ከሆነ ቁጥራችሁ የጥሩ ሌሊቶች ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ሠንጠረዡ

ደብተሩን በዚያው ቀን ወደ ኤክሴል አስገቡ። ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ ዝርያ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ረድፍ፤ ከውስጥና ከውጪ የተገኙት ግን ለየብቻ። አንድ ሳጥን ውስጥ «3 ወንድ 2 ሴት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቁጥር ብቻ ይግባ፣ ፆታው የራሱ ዓምድ ይኑረው። ሳጥኖችን አታዋህዱ። በቀለም ብቻ የተቀመጠ መረጃ ፋይሉ ወደ ሌላ ቅርጸት ሲቀየር ሊጠፋ ይችላል። ሳይንሳዊ ስሙን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ የመረጃ ቋቶች የሚያውቁት እሱን ነው።

አንድ ረድፍ ይህን ይመስላል፦

የበራበት ቀን፦ ከ12 ለ13 አጥቢያ
ዝርያ፦ Agrius convolvuli
ብዛት፦ 1
ቆጠራ፦ ትክክለኛ
የተገኘው፦ ከውስጥ (ከውጪ የተገኘ ካለ ሌላ ረድፍ ይሆናል)
የለየው፦ የመዝጋቢው ስም
በምን ተለየ፦ ፎቶ፤ ሆዱ ላይ ሮዝና ጥቁር ቀለበቶች
የፎቶ ቁጥር፦ 0417
ማስታወሻ፦ ክንፉ ያረጀ

«በምን ተለየ» የሚለውን ዓምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አትዝለሉት። ከዓመታት በኋላ መዝገቡን የሚጠራጠር ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ያ ሰው እናንተው ልትሆኑ ትችላላችሁ።

መዝገቡን ለሌላ ማካፈል ከፈለጋችሁ አይናቹራሊስት አንድ መንገድ ነው። ፎቶ፣ ቀንና ቦታ ያለው መዝገብ ከስም ሰጪዎቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ በዝርያው ከተስማሙበት ለምርምር የሚሆን ተብሎ ይመደባል፤ ፈቃዱ ክፍት ከሆነ ጂቢፍ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የብዝሃ ሕይወት ቋት ይገባል። ግን ልብ በሉ፤ የምትጭኑት ቦታ የመኖሪያ ቤታችሁ ነው። የቦታ ማደብዘዣውን ምረጡ። ያን ጊዜ ትክክለኛው ነጥብ ተደብቆ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ብቻ ይታያል። ትክክለኛው በእናንተ ሠንጠረዥ ላይ ይኑር።

ስም ሲስተካከል ደግሞ የድሮውን አታጥፉ። «ቡናማ ሀ» የነበረው ዝርያው ከታወቀ አዲሱን ስም በአዲስ ዓምድ ጻፉ፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደቀየረው ጨምሩ። የወረቀት ደብተሩንም አትጣሉት። ጣት ስቶ 7ን 1 አድርጋችሁ ኤክሴል ላይ ብታስገቡት እውነቱ ያለው እርሳሱ ላይ ነው።